ዊግ ወይስ ሻሽ? በድሬዳዋ ሙቀት

ኬሞቴራፒ (በመድኃኒት የሚሰጥ የካንሰር ሕክምና) ፀጉርን የሚያረግፍ ከሆነ መርገፉ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው በተጀመረ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው።

የዊግ ትልቁ ውለታ ጠያቂን ማስቀረቱ ነው። ፀጉሯ የረገፈባት ሴት ቢሮ ወይም ሠርግ ቤት ስትገባ ከንፈሩን የሚመጥላት የለም። ግን ድሬዳዋ ሐረር አይደለችም፤ በግንቦት ቀትር ከከዚራ ዛፎች ጥላ ወጥቶ ቀፊራ ገበያ ድረስ በዊግ መሄድ ራስን መቀቀል ነው። ላቡ የተራቆተውን የራስ ቆዳ ያሳክካል። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው ደግሞ እሳት አይወድም፤ የምጣድ እንፋሎትና የምድጃ ወላፈን ያኮማትሩታል። እንጀራ ለምትጋግር ሴት ይህን የሚነግራት ሻጭ አላየሁም።

ሻሽ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይታጠባል። በዚህ ከተማ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ስለምትሸፋፈን ዞሮ የሚያያት የለም። ጥጥ ይሁን፤ ሐር መሳዩ ከመላጣ ራስ ላይ ይንሸራተታል። ጉድለቱ፣ ቅንድብ ከረገፈ ማጋለጡ ነው፤ ግንባር ላይ የሚወርድ ዊግ ይደብቀዋል፣ ሻሽ ግን የቅንድብ እርሳስ ይፈልጋል።

እኔ ሻሹን ለዘወትር፣ ዊጉን ለሠርግ እላለሁ። ዊግ የምትገዛ ፀጉሯ ሳይረግፍ ትሂድ፤ ቀለሙን ማመሳሰል ይቀላል። የራሷ ፀጉር ሕክምናው ካበቃ በኋላ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ከበፊቱ ይበልጥ ተጠቅልሎ።