ከሲስቴይን ጎን ያልታወቀ ጥግግት፦ ሞዴል ወይስ ሚዛን?

ደሴ ተቀምጦ የፕሮቲን ክሪስታል መረጃ የሚመረምር ሰው፣ ሰልፈር ካለው አሚኖ አሲድ ከሲስቴይን ጎን ምንነቱ ያልታወቀ የኤሌክትሮን ጥግግት ቢያይ፣ ምን እንደሆነ ለመለየት ሁለት መንገድ አለው።

ሞዴል መሞከር፦ ወጪው ኢንተርኔትና ትዕግሥት ነው፤ የአተሞች ሞዴል በጥግግቱ ላይ የሚገነባበት ኩት የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። በቅድሚያ ክሪስታሉ ያደገበት መፍትሔ ምን እንደያዘ ይነበብ። ሰልፈር ያለው ኬሚካል ቤታ መርካፕቶኤታኖል ካለበት፣ ከሲስቴይኑ ሰልፈር 2.05 አንግስትሮም (የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ) ያህል ርቆ ሌላ ሰልፈር ይጠበቃል። አርሰኒክ ያለው ኬሚካል ካኮዲሌት ካለበት አርሰኒክ ይጠርጠር፤ ርቀቱ 2.3 ገደማ ነው፣ ጥግግቱም ጎልቶ ይታያል። አደጋው ዓይን የፈለገውን ማየቱ ነው፤ የመረጃው ጥራት (ሪዞሉሽን) 2.5 አንግስትሮም ሲሆን ብዙ ነገር ይመሳሰላል።

ማስ ስፔክትሮሜትሪ፦ የሞለኪውልን ክብደት የሚመዝን ዘዴ ነው፤ ውድ ነው፣ ናሙናም ይጠይቃል። የ76 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ጭማሪ ግን መርካፕቶኤታኖልን፣ የ48 ደግሞ ሦስት ኦክስጅን ይጠቁማል።

መዋቅሩ ከመረጃ ቋት የወረደ ከሆነ ያለው አማራጭ ሞዴል መሞከር ብቻ ነው። ፕሮቲኑ በእጅ ካለና ጥግግቱ ከደበዘዘ ሚዛኑ ይቅደም።