አጣዬ ላይ ማሾ ወጥ፦ ጣሪያው ገና ያላለቀ ምግብ ቤት

በአዲስ አበባና በደሴ መካከል ጭነት የሚያመላልስ ሰው ምግብ ቤት የሚመርጠው ከጣዕሙ ይልቅ በፍጥነቱ ነው። በዚህ መለኪያ አጣዬ ያለው የእማማ ቤት ከኋለኞቹ ነው። ምግብ ሲታዘዝ ሽንኩርት መክተፍ ይጀመራል። ሾፌሮች «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» እየተባባልን እንጠብቃለን።

ከጾም ምግቡ ማሾ ወጡን የሚያህል የለም። ማሾ የሚባለው ደቃቅ አረንጓዴ ጥራጥሬ በዚያ ቆላ በብዛት ይመረታል፤ ነገር ግን በኩንታል እየተጫነ ለውጭ ገበያ ስለሚሄድ እኔም ለዓመታት ሳልቀምሰው ጭኜዋለሁ። እማማ ከነልጣጩ ቀቅለው፣ ቁሌቱን እስኪጠቁር ድረስ አብስለው፣ በርበሬ ቆጥበው ይሠሩታል፤ በነጭ ሽንኩርት ግን አይሰስቱም። እንጀራው ማሽላ የተቀላቀለበት ስለሆነ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ ትኩሱን ጠይቁ። ሽሮው ደህና ነው። ቡናው ቀጠን ይላል።

ቀና ብሎ ጣሪያውን ያየ ሰው ግራ ይጋባል፦ ገሚሱ ቆርቆሮ አዲስ፣ ገሚሱ እሳት ያጠቆረው። አጣዬ በ2013 ሚያዝያ ስትቃጠል ይህም ቤት አብሮ ነደደ። እማማ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይነት ከርመው ተመለሱና በሸራ ሥር ቡና ማፍላት ጀመሩ፤ ከዚያ ግድግዳ፣ ቀጥሎ ጣሪያ። መንገዱ ተዘግቶ መኪና ሲጠፋ ለጎረቤት በዱቤ ያበላሉ። ባለፈው ሳልፍ ጓዳው ተከድኖ አገኘሁት።

«እማማ፣ ለምን ተበድረው በአንድ ጊዜ አይጨርሱትም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የነደደው በአንድ ቀን ነው። እግዜር ግን ቆርቆሮ በቆርቆሮ እየመለሰልኝ ነው። ለእያንዳንዱ ላመስግነው እንጂ ምን አስቸኮለኝ!»

ከሌላ ሰው ብሰማው ስብከት ነው ብዬ አልፈው ነበር። እሳቸው ግን ይህን ሲሉ ከተቃጠለው እንጨት የተነቀሉ ምስማሮችን በድንጋይ እያቀኑ ነበር፤ ተስፋ ማድረግ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው የሚል ሰው ያን ጊዜ አጠገቤ በነበረ ብዬ ተመኘሁ። እኔ በበኩሌ ብድሩን እወስድ ነበር፤ አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ዋጋው ከዋናው መንገድ ሆቴሎች ያነሰ ነው። የእጅ መታጠቢያው ጀሪካን ነው፣ ለከባድ መኪናም ማቆሚያ የለውም። ማሾው ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት አይደርስም። ሳይመሽ ደሴ መግባት ያለበት ሾፌር ሸዋ ሮቢት ላይ በልቶ ይለፍ።