ጋሊካ ከጎጃም ሲመዘን፦ የፈረንሳይ አክራሪ ቀኝ መጽሔቶችን ሥር ለሚፈልግ አንባቢ

ጋሊካ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1997 የከፈተው የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ነው (ዘመኑ ሁሉ እዚህ ጽሑፍ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሲሆን ይገለጻል)። ክፍያ የለውም፤ ለማንበብም ለማውረድም መመዝገብ አያስፈልግም። ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ ስለ ጣሊያን ወረራ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ ተማሪም ሆነ ደብረ ማርቆስ ታሪክ ለሚያስተምር መምህር ትልቅ ሀብት ነው። እዚህ የምንመዝነው ግን በአንድ ጠባብ ጥያቄ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ የወጡትን የአክራሪ ቀኝ መጽሔቶች፣ በተለይ «ዴፎንስ ደ ሎክሲዶን» የተባለውን፣ ታሪክ ለመከታተል ይበቃል ወይ? ከጦርነቱ በፊት ላለው በጣም ይበቃል። ከዚያ በኋላ ላለው ግን ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱን ሳያውቁ የገቡ ሰዎች ቀናት ያባክናሉ።

የፓሪስ መጽሔት ለጎጃም ሰው ምኑ ነው የሚል ካለ ስሙን ይይ። «የምዕራቡ ዓለም መከላከያ» ማለት ነው። በዲሴምበር 1952 የመሠረተው ሞሪስ ባርዴሽ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር፤ ከናዚዎች ጋር በመተባበር ተፈርዶበት ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945 የተረሸነው የሮቤር ብራዚያክ እኅት ባል ነው። ወርሃዊው መጽሔት እስከ 1982 ዘለቀ። ስሙ ግን ያኔ የተፈጠረ አይደለም። ኦንሪ ማሲስ በ1927 ባወጣው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ነበረ። ይኸው ማሲስ ጣሊያን ወረራውን በጀመረች ማግስት፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1935፣ «ለምዕራቡ ዓለም መከላከልና ለአውሮፓ ሰላም» የሚል መግለጫ «ለ ታን» ጋዜጣ ላይ አወጣ። 64 ምሁራን ፈርመውበታል፤ የንጉሣዊ አገዛዝ ደጋፊ የነበረው ጸሐፊ ሻርል ሞራስና ብራዚያክ ከእነሱ መካከል ናቸው። መግለጫው በጣሊያን ላይ ማዕቀብ እንዳይጣል የሚጠይቅ ሲሆን፣ አገራችንን ያልሠለጠኑ ነገዶች ቅልቅል ይላታል። ለምዕራቡ ዓለም የቆምን ነን ባዮቹ እንዲህ ሲጽፉ የዓድዋ ሰው ከሰማይ ቦምብ እየወረደበት ነበር። የሚቃወሙ ፈረንሳውያን ምሁራንም ወዲያው ሌላ መግለጫ አውጥተዋል፤ አንዱን ብቻ ጠቅሶ ማለፍ ትክክል አይሆንም።

ይህን ገጽ ማየት የሚቻል መሆኑ ነው ጋሊካን የሚያስመሰግነው። «ለ ታን» ከ1861 እስከ 1942 ያለው እዚያ ተቀምጧል። ቃል ጽፎ ከመፈለግ ይልቅ በቀን መግባት ይሻላል። የጋዜጣውን ስም ጽፋችሁ ፈልጉና የጋዜጣውን ዋና ገጽ ክፈቱ፤ ዓመታቱ ተደርድረው ይመጣሉ፤ 1935ን፣ ከዚያ ኦክቶበርን፣ ከዚያ 4ን ንኩ። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይበዛል። አንደኛው በእኛ አቆጣጠር 1928 ብሎ መፈለግ ነው፤ የሚከፈተው ወረራው ያልታሰበበት ዓመት ነው። ሁለተኛው ስውር ነው። ዕለቱ መስከረም 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ 1927 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ስለነበራት የ1928 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው እንጂ 11 አይደለም። ይህን የዘነጋ ሰው የአንድ ቀን ጋዜጣ ይስታል፣ መግለጫውንም የለም ብሎ ይደመድማል።

በቃል መፈለግ ግድ ሲሆን የፈረንሳዮቹን አጻጻፍ መልመድ ያስፈልጋል። ጎጃምን የሚጽፉት ጂ፣ ኦ፣ ዲ፣ ጄ፣ ኤ፣ ኤም ብለው ነው፤ ዲዋን የዘለለ ብዙ አያገኝም። አገሪቱንም ኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን አቢሲኒ ይሏታል፤ ሁለቱንም መሞከር፣ ንጉሡንም «ኔጉስ» በሚለው መፈለግ ይበጃል። የፍለጋው መሠረት ማሽን ያነበበው ጽሑፍ ነው፤ ንባቡ ምን ያህል እንደሚታመን ጋሊካ ራሱ በመቶኛ ግምት ያስቀምጣል። ከመቶ 98 ቢልም አትዘናጉ። ጠባብ ዓምድ ላይ ስም መስመር መጨረሻ ደርሶ በሰረዝ ሲቆረጥ ማሽኑ ሁለት ቃል አድርጎ ሊያነበው ይችላል፣ የደበዘዘች ቲ ደግሞ ኤል ትሆንበታለች። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ረጅም ሐረግ ማስገባት ስለዚህ ብዙ ጊዜ ባዶ ያስመልሳል። ሁለት ቃል በቂ ነው፤ በላቀው ፍለጋ ውስጥ ያለው የተቀራረቡ ቃላት መፈለጊያም ከሐረግ ይሻላል።

ሌላው መከፈት ያለበት «ላክሲዮን ፍራንሴዝ» ነው፤ በ1908 ዕለታዊ ጋዜጣ የሆነ የሞራስ ልሳን። ሞራስ በ1935 ማዕቀብ የሚደግፉ የምክር ቤት አባላትን በጋዜጣው በግልጽ በመዛቱ ተከሰሰ፤ በሶሻሊስቶቹ መሪ በሊዮን ብሉም ላይ ከጻፈው ዛቻ ጋር ተደምሮ ከ1936 መጨረሻ እስከ ጁላይ 1937 ታሰረ። ማለትም ይህ ሰው እስር ቤት ከገባባቸው ምክንያቶች አንዱ የኢትዮጵያ ጉዳይ ነው። ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ በገቡበት ሳምንት፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1941 ወይም መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጋዜጣው ከሊዮን ይታተም ነበር፤ የዚያን ሳምንት እትሞች ገልጦ ማየት ለጎጃም ታሪክ ጸሐፊ የሚገባ ሥራ ነው። የመጨረሻው ቁጥር ኦገስት 24 ቀን 1944 ይላል።

ከዚህ በኋላ ነው መንገዱ የሚቆረጠው። በጀርመን ይዞታ ሥር መታተም የቀጠሉ ጋዜጦች በሴፕቴምበር 30 ቀን 1944 በወጣው ድንጋጌ ታገዱ። ሰዎቹ ግን በሌላ ስም ተመለሱ። በ1947 «አስፔ ደ ላ ፍራንስ» ወጣ፤ የሁለቱ ዋና ቃላት መነሻ ፊደላት ኤ እና ኤፍ፣ ማለትም የታገደው ጋዜጣ ፊደላት ናቸው። በዚያው ዓመት ረኔ ማሊያቫን «ኤክሪ ደ ፓሪ» የተባለውን ወርሃዊ መጽሔት፣ በጃንዋሪ 1951 ደግሞ ሳምንታዊውን «ሪቫሮል» ጀመረ። የባርዴሽ መጽሔት የመጣው በዚህ ሰልፍ ላይ ነው። ስሙን ከማሲስ፣ ሰዎቹን ከተሸነፈው ወገን ወሰደ፤ በ1978 የናዚ የጋዝ ክፍሎች አልነበሩም የሚለውን የሮቤር ፎሪሶንን ጽሑፍ እስከማተም ደረሰ። ይህ ናዚዎች በአይሁድ ላይ የፈጸሙትን ጭፍጨፋ መካድ ነው፤ ከ1990 ወዲህ በፈረንሳይ ሕግ ያስቀጣል። እነዚህን ገጾች ስናነብ የጸሐፊዎቹን ሐሳብ ለመመርመር እንጂ ስለ ጦርነቱ መረጃ ለመውሰድ አይደለም።

ታዲያ እነዚህን ጋሊካ ላይ ገልጦ ማንበብ ለምን አይጠበቅም? የደራሲ መብት ከሞት በኋላ 70 ዓመት ስለሚዘልቅ ነው። ባርዴሽ የሞተው 1998 ስለሆነ ጽሑፎቹ እስከ 2068 መጨረሻ ጥበቃ አላቸው። ሞራስ 1952 ስለሞተ የእሱ ከ2023 ጀምሮ ነፃ ነው። ጋሊካ ላይ በቤተ መጻሕፍቱ ሕንጻ ውስጥ ብቻ የሚከፈቱ ሰነዶች አሉ፤ ከባሕር ዳር ሲነኩ ገጹ አይከፈትም። ኮምፒውተሩ ወይም መረቡ ተበላሸ ብሎ ደጋግሞ መሞከር ዋጋ የለውም፤ «በነፃ የሚታይ» የሚለውን ማጣሪያ ከመጀመሪያው ማብራት ይሻላል። ለድኅረ ጦርነቱ ዘመን የቤተ መጻሕፍቱ ዋና ካታሎግ የመጽሔቱን የሕትመት ዓመታት ይሰጣል፤ የጥናት መጽሔቶችን በነፃ የሚያቀርበው ፔርሴ ላይ ደግሞ የመጽሔቱን ስም በጥቅስ ምልክት አስገብቶ መፈለግ ያዋጣል። የዚያው ቤተ መጻሕፍት ሌላ ገጽ የሆነው ሬትሮኒውስ የተሻለ ፍለጋ አለው፣ ግን ምቹው ክፍል በክፍያ ነው፤ ለተማሪ አንመክርም።

ስለ ማውረድ። መረቡ ሲደክም ወይም መብራት ሲመላለስ ሙሉ ሰነድ ማውረድ መሃል ላይ ይቋረጣል። የማውረጃው ሳጥን የሚፈለጉትን ገጾች ብቻ መምረጥ ያስችላል፤ አንድ ገጽ በምስል ማውረድም ይቻላል። ማሽን ያነበበውን ጽሑፍ ብቻ መውሰድ በጣም ቀላል ነው፣ ግን ከገጹ ምስል ጋር ሳያስተያዩ መጥቀስ አደገኛ ነው። ፒዲኤፉ ፊት ላይ የአጠቃቀም ደንብ ገጾች ስለሚጨመሩ የፋይሉ ገጽ ቁጥር ከጋዜጣው ገጽ ጋር አይገጥምም፤ የግርጌ ማስታወሻ ላይ የሚጻፈው የጋዜጣው ነው።

ማተምም የራሱ ችግር አለው። የ1930ዎቹ ጋዜጣ ገጽ ሰፊ ነው፤ ግቢው በር ላይ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ በኤ4 ሲታተም ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። በኤ3 ማሳተም፣ ወይም ገጹን አጉልቶ የሚፈለገውን ዓምድ ብቻ ቆርጦ ማተም ነው መፍትሔው። ከመዝጋታችሁ በፊት «አርክ» ከሚለው ቃል ጀምሮ ያለውን ቋሚ መለያ ቅዱ፤ የፍለጋው አድራሻ ሌላ ቀን ላይሠራ ይችላል፣ መለያው ግን ያንኑ እትም ይመልሳል። ለጥናትና ለትምህርት በነፃ መጠቀም ሲፈቀድ ምንጩ ጋሊካና ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ መሆናቸው መጻፍ አለበት፤ ለንግድ ሲሆን ፈቃድና ክፍያ አለው።