“የጃፓን ቦንሳይ” ብለው ጥድ የሚሸጡላችሁን ተጠንቀቁ

በሆለታ መንገድ አበባና ችግኝ የምትገዙ ሁሉ፣ ብራችሁን ያዙ። አሁን ከዚያው መመለሴ ነው፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። መኪና ቀስ ሲል ሮጠው ይመጡና “ለቤት ነው ለስጦታ?” ይላሉ፤ ዋጋው የሚቆረጠው ከመልሳችሁ በኋላ ነው። ለእህቴ አዲስ ቤት ነው አልኩ፤ አለቀ። “ከጃፓን የመጣ ቦንሳይ ነው፣ 20 ዓመት ሞልቶታል” ተባለልኝ (ቦንሳይ ማለት ሸክላ ውስጥ እየተከረከመ አጥሮ እንዲያድግ የተደረገ ዛፍ ነው)፤ 2,500 ተጠርቶ በ1,800 ብር ወሰድኩት። ሰማያዊ ዝርግ ሸክላ ላይ የቆመ ትንሽዬ ጥድ፣ አፈሩ በነጭ ጠጠር የተሸፈነ። አያያዙስ? “ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጥ፣ በሳምንት አንድ ስኒ ውሃ ይበቃዋል።” እህቴ ምስኪን በስኒ እየለካች አጠጣችው። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ሲነኩት መርገፍ ጀመረ።

ዛሬ ተሸክሜው ሄድኩ። ሰውዬው ላንድክሩዘር ውስጥ ለተቀመጠች ሴት ጽጌረዳ ያሳያል። እሷን “ማዳም” ይላታል፤ እኔን ሲያይ “እህቴ፣ ቆይ” አለኝ። ቆየሁ። መኪናዋ ስትሄድ መጣና ቅጠሉን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ “ውሃ አብዝታችሁበት ነው” አለ። በስኒ ነው ያጠጣነው ስለው “እንግዲያው አንሶታል።” እሱ ፊት አፈሩን ልይ ብዬ ጠጠሩን በጥፍሬ ስቆነጥረው፣ ሁሉም አንድ ላይ እንደ ዳቦ ቅርፊት ብድግ አለ። በኮላ የተጣበቀ ነው! ከሥሩ ያለው አፈር አቧራ። ግንዱን ይዤ ሳብ ሳደርገው እጄ ላይ ቀረ። ሥር የለውም። ክር የምታህል ሥር እንኳ የለችም፤ ጫፉ በመቀስ በሰያፍ ተቆርጦ ነው የተሰካው።

ሰውዬው አልደነገጠም። “ጥድ አይደለም እንዴ? ደርቆም አረንጓዴ ነው። እስካሁን ማን እንግዳ ለየባችሁ?” አለኝ። ውሃ የሚያጠጣው ልጅ ጎማውን ይዞ ሳቀ። ገንዘቤን መልስ ስል “ችግኝ አይመለስም።” ችግኝማ መች ሸጥክልኝ! “ደረሰኝሽን አምጪ” አለ ደግሞ፣ ቆርጦ የማያውቀውን ደረሰኝ። የሸማቾች አዋጅ 813/2006 ደረሰኝ የመስጠት ግዴታውን የጣለው ነጋዴው ላይ ነው ስለው “ሂጂና ለአዋጁ ንገሪው” ብሎኝ ወደ ሌላ መኪና ሄደ። ልጁ የተነሳውን ጠጠር እንዳለ አንስቶ ወደ ውስጥ አስገባው። ለሚቀጥለው መሆኑ ነው።

ለገና ቆርጠን ሳሎን የምናቆመው ጥድ ያለ ሥር ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ እንደሚቆይ ሁላችንም እናውቃለን። ሰዎቹ የሚነግዱት በዚያ ነው፤ ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ ጥፋቱን የናንተ አድርገውታል። ጎረቤታችን እማማ ቅርንጫፉን አይተው “ይሄ የመናገሻ ጥድ አይደለም እንዴ፣ መቼ ነው ጃፓን ሄዶ የመጣው?” አሉኝ። ለነገሩ እውነተኛ የጥድ ቦንሳይም ቢሆን የሳሎን ተክል አይደለም፤ ውጭ ፀሐይና አየር ነው የሚፈልገው።

ከገዛችሁ ግንዱን ነቅነቅ፣ ቅርፊቱን በጥፍር ጫር አድርጉ፤ ውስጡ አረንጓዴ ካልሆነ ተዉት። ጠጠሩ ከተጣበቀ ወይም ሸክላው ከሥር ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ ዋጋም አትጠይቁ። ደህና ዛፍ ካገኛችሁ በረንዳ ላይ አኑሩት፤ አፈሩን በጣት ነክታችሁ ላዩ ሲደርቅ ውሃው ከሥር እስኪወጣ አጠጡት፣ በስኒ ሳይሆን። የግድ ቤት ውስጥ ከሆነ የዋርካ ዘመድ የሆነው ፊከስ መስኮት አጠገብ ይሻላል፤ እሱንም ግን ሥሩን ሳታዩ እንዳትከፍሉ።