ጉልቻ ቢለዋወጥ፦ ምርጥ ምድጃ፣ ከሰል ወይስ የኤሌክትሪክ ምጣድ?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለወጡ ልክ ነው። ለሳንባ ግን አይሠራም። ደሴም ሆነ ወልዲያ ገበያ ላይ ምድጃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እንጨት ይቆጥባል?» ብሎ ነው። እኔ ብሆን «ጭሱስ በየት ይወጣል?» ነበር የምለው።

ሦስት ጉልቻ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሂሳቡ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። የጭሱ ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ለረጅም ዘመን የተነፈሰው ሰው ለማይለቅ የሳንባ በሽታ፣ ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክ፣ ለሳንባ ካንሰር፣ ለዓይን ሞራም ይጋለጣል። እናት ልጇን አዝላ ስለምትጋግር ሕፃኑም አብሮ ይተነፍሳል፤ ለሳንባ ምች የሚዳርገው አንዱ ይሄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ገድሏል። እንደ ብዙው የወሎ ደጋ ኩበት የምታነዱ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ይብሳል።

«ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ነው። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው ከጉልቻ ጋር ሲተያይ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ከኋላው ድስት ማስቀመጫ አለው፣ በሚወጣው ትኩሳት ወጡም ይሞቃል። ጭሱም ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም! ተራው ምርጥ ቱቦ የለውም፣ ጭሱ እዚያው ማድ ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው። ቱቦ ያለው ካገኛችሁ ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ግዙ። ቱቦው ከጣሪያው በላይ ካልወጣ ግን ገንዘባችሁን አትጣሉ። ምድጃው በክፍል በክፍል ስለሚመጣ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የተሰነጠቀ እንዳይኖር እያንዳንዱን እዩ።

ከሰል አሳሳች ነው። ላቀች የሚባለው፣ ውስጡ ሸክላ የለበሰው፣ ከቆርቆሮው ምድጃ ከሰል ይቆጥባል። ጭሱም አይታይም። ግን የከሰል ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለው። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ተኝቶ ያገኘውን ሰው ይገድላል። የደሴ ብርድ ሲበረታ ምድጃውን መኝታ ቤት አስገብቶ በር መዝጋት የተለመደ ነው። «ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል» ይባላል። ጋዙ ግን አላለቀም። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ደጅ ላይ ማቀጣጠል ይቀላል፤ ስለዚህ ያው ምድጃ እዚያ ጉዳቱ ያንሳል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ የሚነድ እንጨት የለም፣ ለሳንባ የሚተካከለው የለም። ጣጣው ሌላ ነው። እስከ 4 ኪሎዋት ድረስ ይስባል፣ ስለዚህ ሶኬቱና ሽቦው ወፍራም መሆን አለበት፤ በቀጭን ማከፋፈያ አትሰኩት። መብራት ይጠፋል። ተከራይ ከሆናችሁማ አከራይን ማሳመን አለ፤ እኔን አንዷ «ምጣድ ካለሽ ቤቱ ተይዟል» ብላኛለች። ቆጣሪው የጋራ ነበርና አልፈረድኩባትም።

የእኔ ምርጫ? መብራት ያለው ቤት ከስቶቭም በፊት ምጣዱን ይግዛ። ከቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው እንጀራ ነውና። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ምርጥ ምድጃ ከዋናው ቤት በተለየ ማድ ቤት ይቀመጥ። መብራት የሌለው የገጠር ቤት ቱቦ ያለውን ምርጥ ይያዝ፤ ግን አዲሱን ገዝቶ ጉልቻውንም ጎን ለጎን ማንደድ ብዙ አይጠቅምም።

ለቡናው ከሰሉን ተዉ አልልም፣ ማንስ ይሰማኛል? እጣኑም ራሱ ጭስ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ግን በሩ ይከፈት፤ ብርዱን በጋቢ ቻሉት።