የአውትሉክ የጋራ አድራሻ፦ የጓዳ ቁልፍ ይዞ ደጅ መቆም

የመሥሪያ ቤታችንን የአቅራቢዎች ስልክና ኢሜይል የምይዘው እኔ ነኝ። ስሞቹን በኮምፒውተሬ ላይ በተጫነው በቆየው አውትሉክ (የማይክሮሶፍት የኢሜይልና የአድራሻ ፕሮግራም)፣ በዋናው የአድራሻ ፎልደር ሥር «አቅራቢዎች» ባልሁት ንዑስ ፎልደር አኑሬያቸዋለሁ። አዲስ ባልደረባ ስትመጣ ፎልደሩን በቀኝ ጠቅታ ከፍቼ፣ ፕሮፐርቲስ ከዚያም ፐርሚሽንስ ገብቼ፣ ስሟን ጨምሬ «ሪቪወር» የሚለውን ሰጠኋት፤ ማንበብ እንጂ መነካካት የማይፈቅደውን ማለት ነው። አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝ።

ትንሽ ቆይታ መጣች። «ምንም አይታየኝም፤ ረስተውት ይሆን?»

አልረሳሁም። ስሟ እዚያው አለ። ማረምም ወደሚፈቅደው «ኤዲተር» አሳደግኋት፤ የለም። እልህ ይዞኝ «ኦውነር» አደረግኋት። ባለቤት ሆና ንብረቷን ማየት አቃታት!

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አውትሉክም ቢሆን ፍንጭ አልሰጠኝም። የሌላ ሰው አድራሻ መክፈቻው ትእዛዝ የሚወስደው ወደ ዋናው የአድራሻ ፎልደር ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ምንም ፈቃድ አልነበራትም። የጓዳውን ቁልፍ ሰጥቼ የግቢውን በር ቆልፌባታለሁ። መፍትሔው በመልእክት ሳጥኔ አናት (ሁሉንም ፎልደሮች በያዘው የላይኛው ፎልደር) እና በዋናው የአድራሻ ፎልደር ላይ ስሟን ጨምሮ «ፎልደር ቪዝብል» የምትለዋን ሣጥን ብቻ ምልክት ማድረግ ነው። ይህ ማለፊያ እንጂ ማንበቢያ አይደለም፤ የግል ደብዳቤዬን አያሳይም። ከዚያ እርሷ በአካውንቷ ቅንብር የእኔን ሳጥን ተጨማሪ አድርጋ ስታስገባ ፎልደሩ በግራ በኩል ብቅ አለ።

ፈቃድ ወደ ታች እንደማይወርድም ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አዲስ ንዑስ ፎልደር ሲፈጠር የእናቱን ፈቃድ ይቀዳል፤ ቀድሞ የነበረው ግን በኋላ የተደረገውን ለውጥ አይሰማም፤ አንድ በአንድ መዞር ግድ ነው። ፎልደሩ ብዙ ከሆነ የኮምፒውተር ባለሙያው በፓወርሼል፣ ማለትም በጽሑፍ ትእዛዝ መስጫው፣ ይሥራው። የሰውየው ስም አስቀድሞ በፈቃድ ዝርዝሩ ካለ የመጨመሪያው ትእዛዝ ስሕተት ይመልሳል፤ በማስተካከያው መሄድ ነው።

የደከመው ሰው የሚፈተንበት አንድ አቋራጭ አለ፤ በፈቃድ ዝርዝሩ ላይ ስሙ ያልተጠቀሰውን ሁሉ የሚወክለውን «ዲፎልት» የሚለውን መስመር «ሪቪወር» ማድረግ። ያን ጊዜ በድርጅቱ ውስጥ የመልእክት ሳጥን ያለው ሁሉ ያነብበዋል። እኔም እጄ ወደዚያ ሄዶ ነበር፤ ደግነቱ ተመለሰ። በአንድ አድራሻ ላይ የሚደረገው «ፕራይቬት» (የግል) የሚለው ምልክትም አያዘናጋ፤ በአውትሉክ ውስጥ ይሰውራል እንጂ የማንበብ ፈቃድ ያለው ሰው በሌላ ፕሮግራም ሊያየው ይችላል።

ይህን የአውትሉክ ማጋሪያ ከአምስት ሦስት ኮከብ እሰጠዋለሁ። ፈቃዱን በየደረጃው መቁረጥ መቻሉ ለእንደኔ ዓይነቱ ጠንቃቃ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ አንዷ አንብባ ትተወዋለች፣ ሌላው ይጽፋል፣ መሰረዝ ግን አይችልም። ሁለቱን ኮከብ የነሣሁት ለዝምታው ነው። «ከላይ ያለው ፎልደር ዝግ ነው» የሚል አንድ መስመር ቢጽፍ ግማሽ ቀን ባልባከነ ነበር።

ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ባልደረባዬን ከ«ኦውነር» ወደ «ሪቪወር» መለስኋት። «ሹመት ያዳብር ሳይባልልኝ ተሻርሁ» አለችኝ።