የቲዎሪ ኦፍ ኮምፒዩቴሽን መግቢያ መጻሕፍት ንጽጽር፦ ሲፕሰር፣ ሆፕክሮፍት፣ ሊንዝ ወይስ ኮዘን?

ቲዎሪ ኦፍ ኮምፒዩቴሽን (ኮምፒዩተር ምን ማስላት እንደሚችልና እንደማይችል የሚያጠና ዘርፍ) ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው የሚጠቆሙት መጻሕፍት በማውጫቸው ይመሳሰላሉ። አውቶማታ (ቃልን ማለትም የምልክቶች ድርድርን አንብበው የሚቀበሉ ወይም የማይቀበሉ የሐሳብ ማሽኖች) ይቀድማል፣ ሰዋስው (የአንድ ቋንቋ ቃላት የሚፈጠሩበት ሕግ) ይከተላል፣ ከዚያ በቴፕ ላይ የሚያነበውና የሚጽፈው የኮምፒዩተር ሞዴል ቱሪንግ ማሽንና ምንም ፕሮግራም ሊፈታቸው የማይችሉ ጥያቄዎች ይመጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኤንፒ (የቀረበ መፍትሔያቸው በፍጥነት ሊረጋገጥ የሚችል ጥያቄዎች) አለ። ስለዚህ ማውጫ አይቶ መምረጥ ብዙም አይረዳም። ልዩነታቸው ያለው በሒሳባዊ ማረጋገጫው (ፕሩፍ) ላይ ነው፦ ደራሲው ስንቱን እርምጃ ራሱ ይጽፋል፣ ስንቱን ለአንባቢው ይተዋል፣ መልመጃ የሠራ ሰውስ ትክክል መሥራቱን በምን ያውቃል? ያለ አስተማሪ ለሚያጠና ሰው ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይከብዳል።

ሲፕሰር

የማይክል ሲፕሰር «ኢንትሮዳክሽን ቱ ዘ ቲዎሪ ኦፍ ኮምፒዩቴሽን» ሦስተኛ እትሙ በ2012 ወጥቷል። አንድ መጽሐፍ ብቻ ለሚገዛ ሰው የምንመርጠው ይህንን ነው። ከከባድ ማረጋገጫዎች በፊት «የማረጋገጫው ሐሳብ» የሚል አንቀጽ ይቀድማል፤ ምን ሊሠራ እንደታሰበና ለምን እንደሚሠራ በተራ ቋንቋ ይነገራል፣ ከዚያ ሙሉው ማረጋገጫ ይከተላል። የቱሪንግ ማሽንን መግለጫም በሦስት ደረጃ ይለያል፦ ሙሉ መደበኛ መግለጫ፣ የቴፑንና የማንበቢያ ጭንቅላቱን እንቅስቃሴ የሚናገር መግለጫ፣ አልጎሪዝሙን ብቻ የሚናገር መግለጫ። ጀማሪ መልስ ሲጽፍ «እስከ ምን ድረስ ልዘርዝር?» ብሎ የሚቸገርበትን ቦታ ይህ ክፍፍል በቀጥታ ይፈታዋል።

በየምዕራፉ መጨረሻ ቀለል ያሉ መልመጃዎችና ጠንከር ያሉ ጥያቄዎች ተለይተው ተቀምጠዋል፤ የተመረጡት መልስ እዚያው ምዕራፉ መጨረሻ ላይ አለ። ደራሲው በኤምአይቲ በ2020 ያስተማረው ኮርስ ቪዲዮም በኦፕን ኮርስ ዌር በነጻ ይገኛል፤ ብቻውን ለሚያጠና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያሳስተው ግን ይኸው ግልጽነቱ ነው። ሐሳቡ ሲነበብ ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል፤ ወደ ጥያቄዎቹ ሲኬድ ግን እጅ ይታሰራል፤ ማረጋገጫ ማንበብና መጻፍ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸውና። መፍትሔው የሐሳቡን አንቀጽ ብቻ አንብቦ መጽሐፉን ዘግቶ ማረጋገጫውን ራስ መጻፍ፣ ከዚያ ማመሳከር ነው። ሌላው ጉድለት፣ የዲኤፍኤን (ቁጥራቸው የተወሰነ ስቴቶች ማለትም ሁኔታዎች ብቻ ያሉት ቀላሉ አውቶማታ) ስቴቶች ቁጥር መቀነስና ማይሂል ኔሮድ ቲዎረም (ዲኤፍኤ ሊያውቀው የሚችለው የትኛው ቋንቋ እንደሆነ የሚለየው) በዋናው ጽሑፍ ውስጥ አይገኙም፤ የተቀመጡት በጥያቄ መልክ ነው። ኮርስዎ እነዚህን የሚፈትን ከሆነ ሲፕሰር ብቻውን አይበቃም።

ሆፕክሮፍት፣ ሞትዋኒ እና ኡልማን

እዚህ መጀመሪያ የትኛው እትም እንደሆነ ማጣራት ያስፈልጋል። የ1979ኙን የጻፉት ሆፕክሮፍትና ኡልማን ብቻ ናቸው፤ የታመቀ፣ ለሒሳብ ለበሰለ አንባቢ የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። በ2001 ሞትዋኒ ተጨምሮ የወጣው ሁለተኛ እትም እንደ አዲስ የተጻፈ ያህል ተቀይሯል፤ ምሳሌው በዝቷል፣ ፍጥነቱ ረግቧል፣ ከበድ ያሉ ርዕሶችም ወጥተዋል። ሦስተኛው የ2006 ነው። ሻጩ የደራሲዎቹን ስም ሳይዘረዝር ርዕሱን ብቻ ከጻፈ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ፤ በስም አንድ ቢሆኑም ለጀማሪ እኩል አይደሉም።

አዲሱ መጽሐፍ ጥንካሬው እርምጃ አለመዝለሉ ነው። ዲኤፍኤን ወደ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የቃላትን ቅርጽ በምልክት የሚገልጽ አጻጻፍ) ለመለወጥ አንድ መንገድ ብቻ ሰጥቶ አያልፍም፤ በኢንዳክሽን (ከትንሹ ጀምሮ ወደሚቀጥለው እየተሸጋገሩ ለሁሉም በማረጋገጥ) የሚሄደውንም ስቴት እየሰረዙ የሚሄዱበትንም ያሳያል። ስቴት መቀነሻውን ሰንጠረዥ በመሙላት ደረጃ በደረጃ ያስተምራል። ኮምፓይለር (ፕሮግራምን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ሶፍትዌር) ለመማር ያሰበ ሰው ከሲፕሰር ይልቅ ከዚህ ብዙ ይወስዳል። ዋጋው ደግሞ ርዝመቱ ነው፦ ቱሪንግ ማሽን የሚመጣው 8ኛ ምዕራፍ ላይ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ይደክማል። መልመጃዎቹ የክብደት ምልክት አላቸው፦ አንድ ቃለ አጋኖ ከበድ ያለውን፣ ሁለት ቃለ አጋኖ በጣም ከባዱን ያመለክታል። ኮከብ የተደረገባቸው መልሳቸው የሚገኘው መጽሐፉ ውስጥ ሳይሆን በድረ ገጽ ነው፤ ይህን ከመግዛትዎ በፊት ይወቁ።

ሊንዝ

የፒተር ሊንዝ «አን ኢንትሮዳክሽን ቱ ፎርማል ላንጉዌጅስ ኤንድ አውቶማታ» ሰባተኛ እትሙ በ2022 ሲወጣ ሱዛን ሮጀር በደራሲነት ተጨምራለች። እሷ ጄፍላፕ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር የሠራች ናት፤ አውቶማታውን ስክሪን ላይ ሥሎ ቃል አስገብቶ መሞከር ያስችላል፣ መጽሐፉም በእሱ የሚሠሩ መልመጃዎች አሉት። ማረጋገጫ ለሚያስፈራው አንባቢ ከሁሉም የሚቀልለው ይህ ነው፤ የተመረጡ መልሶችና ፍንጮችም መጨረሻው ላይ አሉ። ስለ ኤንፒ የሚለው ግን አጭር ስለሆነ ኮርሱ ግማሹን ጊዜ ለኮምፕሌክሲቲ (ስሌት ስንት ጊዜና ቦታ እንደሚፈጅ ለሚያጠናው ክፍል) የሚሰጥ ከሆነ ሌላ መጽሐፍ መጨመር ግድ ነው። ጄፍላፕም ገደብ አለው፦ አውቶማታው በሞከሩት ቃል ሁሉ ትክክል መልስ መስጠቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ለማንኛውም ቃል መሥራቱን በኢንዳክሽን ማሳየት የአንባቢው ሥራ ነው።

ኮዘን

የዴክስተር ኮዘን «አውቶማታ ኤንድ ኮምፒዩተቢሊቲ» በ1997 የወጣ ሲሆን በምዕራፍ ፈንታ በሌክቸር የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ሌክቸር በጥቂት ገጾች አንድ ሐሳብ ጀምሮ ይጨርሳል፤ በአንድ ቁጭታ አንድ ሌክቸር እያሉ ለመሄድ የሚመች ሌላ መጽሐፍ አላየንም። ማይሂል ኔሮድን በደንብ ያስተምራል፣ መጨረሻ ላይም እስከ ሒሳብ ሊቁ ኩርት ጎደል ያለመሟላት ቲዎረም ያደርሳል። ኤንፒ ኮምፕሊት (ከኤንፒ ጥያቄዎች ከባዶቹ) ግን የለበትም። ማረጋገጫዎቹ አጫጭርና ንጹሕ ናቸው፤ ውበታቸው የሚታየው ግን ኢንዳክሽን ለለመደ ሰው ነው። ከሒሳብ ትምህርት ለመጣ አንባቢ ከሲፕሰርም አስቀድመን የምንጠቁመው ይህንን ነው።

በነጻ የሚገኙ

የማሄሽዋሪና የስሚድ መጽሐፍ በነጻ የሚወርድ ፒዲኤፍ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከሲፕሰር ጋር ስለሚቀራረብ ከመግዛት በፊት ትምህርቱን ለመቅመስ ይበጃል። የቦአዝ ባራክ «ኢንትሮዳክሽን ቱ ቲዎሬቲካል ኮምፒዩተር ሳይንስ» በነጻ የሚነበብ ቢሆንም ጉዞው ሌላ ነው፦ ከአውቶማታ ሳይሆን ከቡሊያን ሰርኪዩት (በእውነትና በሐሰት የሚያሰሉ ዑደቶች) ይጀምራል፣ ወደ ክሪፕቶግራፊና ኳንተም ስሌትም ይዘልቃል። ድንቅ መጽሐፍ ነው፤ በተለመደው ኮርስ ለሚፈተን ሰው ግን ዋና መጽሐፍ አይሁን፣ አውቶማታና ሰዋስው ላይ ብዙ አይቆይምና።

ከመክፈልዎ በፊት አንድ ገጽ ያንብቡ

ለናሙና የምንመርጠው ፓምፒንግ ሌማ (አንድ ቋንቋ ሬጉላር፣ ማለትም በዲኤፍኤ የሚታወቅ፣ አለመሆኑን ለማሳየት የሚጠቅመው) ያለበትን ገጽ ነው፤ ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚያ ነው። ሌማው እንዲህ ይላል፦ ለማንኛውም ሬጉላር ቋንቋ አንድ ርዝመት አለ፤ ከዚያ ያላነሰ የቋንቋው ቃል ሁሉ ለሦስት ሊከፈል ይችላል፤ ባዶ ያልሆነው መካከለኛው ክፍል ቢደጋገምም ቢሰረዝም ውጤቱ ከቋንቋው አይወጣም። ስህተቱ የሚመጣው «ማን ይመርጣል?» ከሚለው ነው። ተማሪው ርዝመቱን 5 ነው ብሎ ራሱ ይወስናል፤ ወይም አከፋፈሉን እንደሚመቸው አድርጎ ይመርጣል። ሁለቱም የእሱ ምርጫ አይደሉም። ርዝመቱ ከውጭ ይሰጠዋል፣ ቃሉን እሱ ይመርጣል፣ አከፋፈሉ ደግሞ ከውጭ ይሰጠዋል፣ የድግግሞሹን ቁጥር እሱ ይመርጣል።

ኮዘን ይህን ከጋኔን ጋር የሚደረግ ጨዋታ አድርጎ ተራ በተራ ያስኬደዋል፤ ሊንዝም ብልህ ተቃዋሚ አቁሞ ያጫውታል። ሲፕሰር ሦስት ሁኔታዎች ዘርዝሮ በተከታታይ ምሳሌ ያለማምዳል፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ርዝመት የተገደበ መሆኑ እንዴት ሥራ እንደሚያቀል በደንብ ይታያል። ገጹን አንብበው ሲጨርሱ፣ ዜሮዎች ተደርድረው በእኩል ቁጥር አንዶች የሚከተሏቸው ቃላት ቋንቋ ሬጉላር አለመሆኑን ሳያዩ ይጻፉ። የማን ማብራሪያ ካስቻለዎት የእሱን ይግዙ። የማንም ካላስቻለዎት ግን ችግሩ ከመጽሐፎቹ አይደለም፤ ስብስብ፣ ፈንክሽን፣ ኢንዳክሽንና በተቃርኖ ማረጋገጥ መጀመሪያ ይቅደሙ። የሲፕሰር ዜሮኛ ምዕራፍ እነዚህን ይከልሳል እንጂ ከባዶ አያስተምርም፤ ለዚያ የዲስክሪት ሒሳብ መጽሐፍ ያስፈልጋል።

ሁለት መጽሐፍ አብረው ሲያነቡ

የቃላቱና የምልክቶቹ ልዩነት ብዙ ጊዜ ያባክናል። ሲፕሰር ዲሳይደብል (ሁልጊዜ ቆሞ አዎ ወይም አይ የሚል ማሽን ያለው) የሚለውን ሆፕክሮፍትና ኮዘን ሪከርሲቭ ይሉታል። በሬጉላር ኤክስፕሬሽን ውስጥ ሲፕሰር የስብስብ ውህደት ምልክት ሲጠቀም ሌሎቹ + ይጽፋሉ። የሲፕሰር ፑሽዳውን አውቶማታ (ስታክ ማለትም ከላይ ብቻ የሚጨመርበትና የሚነሳበት ማህደር ያለው) 6 አካላት አሉት፤ የሆፕክሮፍት ግን 7 ነው፣ ስታኩ መጀመሪያ ላይ የሚይዘውን ምልክት ስለሚጨምር። ሲፕሰር ላይ ስታኩ ባዶ ሆኖ ስለሚጀምር አውቶማታው ራሱ መጀመሪያ የታች ምልክት ካላስቀመጠ ባዶ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ከሆፕክሮፍት የተቀዳ መልስ እዚህ የሚበላሸው በዚህ ነው። የሲፕሰር ቱሪንግ ማሽን ቴፑ በግራ በኩል ጫፍ አለው፣ የአዲሱ ሆፕክሮፍት በሁለቱም በኩል መጨረሻ የለውም። ኃይላቸው እኩል ቢሆንም ስቴት በስቴት የተጻፈ መልስ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳለ አይገለበጥም። ስለዚህ አንዱን ዋና አድርገው መልስ ሁሉ በእሱ ትርጓሜ ይጻፉ፣ ሌላውን ማብራሪያ ለመፈለግ ብቻ ይክፈቱት።

የቆየ እትም

የሲፕሰር ሁለተኛ እትም በቅናሽ ከተገኘ ይግዙት። ሦስተኛው የጨመረው ዋና ነገር ስለ ዲተርሚኒስቲክ ኮንቴክስት ፍሪ ቋንቋዎች (በየእርምጃው አንድ ምርጫ ብቻ ባለው ፑሽዳውን አውቶማታ የሚታወቁ) የሚናገር አንድ ክፍል ነው። የጥያቄዎቹ ቁጥር ግን ስለተቀያየረ፣ የቤት ሥራ በቁጥር የሚሰጥ አስተማሪ ካለ ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት እትም መያዝ ይሻላል። ለሌሎቹም ይኸው ይሠራል። ኤሌክትሮኒክ ቅጂ የሚገዙ ከሆነ የገጹን አቀማመጥ የሚጠብቀውን ይምረጡ፤ ጽሑፉ እንደ ስክሪኑ ስፋት በሚፈስበት ቅጂ የስቴት ሥዕሎች ከማብራሪያቸው ይለያያሉ፣ ከፊደል በላይና በታች የሚጻፉ ትንንሽ ቁጥሮችም ወደ መስመሩ ወርደው ትርጉም ይቀይራሉ።